ሰባተኛው ትምህርት

ስትቆጣ ትጮኻለች ይሉኛል። እጮኻለሁ፣ ምን ይሁን! አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከመካኒክ ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ሴት ነኝ። እሁድ ደግሞ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ያመኑ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ገሚሶቹ ከእኛው ከጴንጤዎቹ ቤት የተወለዱ ናቸው፣ ገሚሶቹ ከኦርቶዶክስ ቤት የመጡ። እህት ጫልቱ ይሉኛል። እወዳቸዋለሁ፤ የምጮኸውም ለዚህ ነው።

ነገሩ የተበላሸው መጽሐፍ ስንመርጥ ነው። ለደቀ መዝሙር ትምህርቱ የሚሆን መጽሐፍ እንድንመርጥ ሦስት ሰዎች ተመደብን፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዘርዓብሩክ፣ ወንጌላዊ ጥሩነህና እኔ። እኔ የማርቆስን ወንጌል ከልጆቹ ጋር እናንብብ፣ ጥያቄውን ራሳችን እናውጣ፣ የልጆቹን ቤት የምናውቀው እኛ ነን አልኩ። ጋሽ ዘርዓብሩክ ግን ከውጭ አገር ቋንቋ የተተረጎመ፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ይዘው መጡ። ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ምሳሌው ሁሉ ብቻውን ቤት ተከራይቶ ስለሚኖር ወጣት ነው። ለወላጆቹ በዓል ሲደርስ ብቻ ይደውልላቸዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ሃይማኖት ቀየርኩ ቢል ማን ምን ይለዋል? እኛ ጋ ያለው ልጅ ከእናቱ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር ነው።

የቪትዝ ፍሬን ሸራ አይሱዙ ላይ አይገባም፣ በግድ ብታስገቡትም መኪናው አይቆምም አልኳቸው። ጥሩነህ ሳቀ። ጋሽ ዘርዓብሩክ አልሳቁም። እውነት አገር የለውም፣ መጽሐፉንም ያዘጋጁት የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እየተጠቀሙበት ነው አሉ። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ያ የሳቀው ጥሩነህ ዓይኔን ሳያይ እጁን ለእሳቸው አወጣ።

እሺ ብዬ ጀመርኩ። ሰባተኛው ትምህርት ጋ ስደርስ ቆምኩ። ርዕሱ “ከአሮጌው መለየት” ይላል፤ መጨረሻው ላይ የቤት ሥራ አለው። ቤተሰብህ በተሰበሰበበት ቆመህ የተውከውን ነገር በግልጽ ተናገር፣ በሚቀጥለው እሁድ መጥተህ መስክር ይላል። ይኼንንስ አላስተምርም ብዬ ወደ ስምንተኛው አለፍኩ። ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ጋሽ ዘርዓብሩክ ሰሙ። በሚቀጥለው እሁድ ኮታቸውን ግጥም አድርገው መጡና እኔን ከኋላ አስቀምጠው ራሳቸው አስተማሩት። በልጆች ፊት ሽማግሌ አላዋርድም ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ሲያልቅ ውጭ ጠብቄ ያዝኳቸው። ከልጆቹ አንዷ ማርያማዊት ነበረች፤ የዘነበወርቅ ሰፈር ልጅ፣ ኮሌጅ ገና የገባች፣ ለእናቷ አንድ። አባቷ አቶ የኔሰው በቅርብ ነው ያረፉት፣ በዚያው ሳምንት አርባቸው ነው። እናቷ ተዝካር ደግሰዋል፣ ዘመድ ከጎጃም ድረስ ይመጣል። ይህን ሁሉ ነገርኳቸውና ይህቺን ልጅ እንኳ ተዉልኝ አልኩ። ፈገግ አሉ።

“እንግዲያው ጥሩ አጋጣሚ ነው” አሉኝ።

አጋጣሚ! የሰው ሐዘን፣ የአንዲት እናት ድንኳን፣ ለእሳቸው አጋጣሚ ነው። ለማርያማዊት ደወልኩ። ሂጂ፣ ጓዳ ግቢ፣ ሥራ ያዢ፣ አፍሽን ዝጊ አልኳት። ያ መደበቅ ነው እህት ጫልቱ፣ ጋሽ ዘርዓብሩክ በስልክ ጸልየውልኛል፣ አልፈራም አለችኝ። መጽሐፉንም አነበበችልኝ። ልጅ ናት፣ የታዘዘችውን ታደርጋለች።

አደረገችው። ድንኳኑ ጢም ብሎ፣ ቀሳውስቱ ዳቦውን ባርከው፣ ሰው መብላት ሲጀምር ለእሷም አቀረቡላት። ተነሥታ ቆመች። እኔ ከዚህ ተለይቻለሁ፣ ይህ የሙታን ማዕድ ነው፣ አልበላም አለች። የገዛ አባቷን ዳቦ! ሰው ሁሉ እጁን ከማዕዱ አነሣ አሉ። እናቷ እትዬ በላይነሽ እንግዳውን አስተናግደው ሸኙ። ከሸኙ በኋላ ግን ይህን ካስተማሩሽ ሰዎች ጋር ኑሪ ብለው በር ዘጉባት።

እሁድ መጥታ መሰከረች። ጭብጨባው፣ ሃሌ ሉያው፣ እልልታው! ጋሽ ዘርዓብሩክ ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው ባረኳት። እኔ የማየው ልብሷን ነው። የተዝካሩ ዕለት የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ ነው አሁንም የለበሰችው፣ ተጨማዷል። ከዚያ ሁሉ አጨብጫቢ አንድ ሰው የት አደርሽ ብሎ አልጠየቃትም። ጠራኋትና ጠየቅኳት። ከቡድናችን ልጅ ከራዕይ ጋር፣ እሷ ቤት ነው የማድረው አለች። እናትሽስ ስላት ስልኬን አያነሱም አለች።

“እህት ጫልቱ፣ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ” አለችኝ።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ ዘነበወርቅ ወረድኩ። እትዬ በላይነሽ ጨዋ ናቸው፣ ወንበር ሰጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

“ሃይማኖቷን ስለቀየረች መሰለሽ? እናንተ ጋ ስትመላለስ የእሁድ ቀሚሷን የምተኩስላት እኔ ነኝ። አሞኛል ብትል፣ ጓዳ ብትቀር ማን ጠየቃት? የአባቷን ዳቦ በሰው ፊት አረከሰችብኝ። ይህን በይ ያላት ሰው እዚህ በሬ ላይ መጥቶ ለእኔ ይንገረኝ። ያኔ ትግባ።”

ምን እላቸዋለሁ? እውነታቸውን ነው። ስመለስ ታክሲ ውስጥ የራሳችንን ሰው ሳስብ መጣሁ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው እኮ ይህን ነገር ያውቅበታል! ዘመዱ ተዝካር ሲያወጣ የሚቀር የለም፣ ሁላችንም እንሄዳለን። ግን ሥራ እንይዛለን። ሴቱ ጓዳ ገብቶ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ሰሃን ያጥባል፤ ወንዱ ወንበር ይሸከማል፣ ጆግና ሳፋ ይዞ እጅ ያስታጥባል። ማዕዱ ሲባረክ አንተ ምድጃው ዳር ነህ፤ ሰው ሲበላ አንተ ታሳልፋለህ። በላ አልበላ ብሎ የሚከታተልህ የለም። እናትህ ልጄ ጎንበስ ቀና አለልኝ ብላ ትመርቅሃለች፣ ኅሊናህም አይወቅስህም። ይህን ማንም አልሰበከውም፣ ማንም አልጻፈውም፣ ግን ከዘመድ ጋር ያኖረን እሱ ነው። እሱን ለራሳችን ይዘን ለዚያች ልጅ የሚያብረቀርቀውን መጽሐፍ ሰጠናት።

ረቡዕ ከጸሎት በኋላ ጋሽ ዘርዓብሩክን ደጃፉ ላይ አገኘኋቸው። የእትዬ በላይነሽን ቃል ነገርኳቸው። ስለ ጌታ ስም መሰደድ ክብር ነው፣ የእናትየው ልብ ደንድኗል፣ ለልጅቷ ማረፊያ እንፈልግላታለን አሉኝ። ማረፊያ! እናት ያላትን ልጅ!

“ሳንሱሲ ሰፈር የወጣው የእናትዎ ተዝካር ላይ እኔም ነበርኩ” አልኳቸው። “ኮትዎን አውልቀው፣ ጆግ ይዘው ድንኳኑን ሲዞሩ አይቻለሁ።”

ሰው ሰምቶ እንደሆነ ግራ ቀኝ አዩ። ያ ሌላ ነው አሉ። ምኑ ነው ሌላው አልኳቸው። እንግዲያው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ዘነበወርቅ ይሄዳሉ፣ አለበለዚያ እሁድ ሰባተኛውን ትምህርት እኔ እንደገና አስተምረዋለሁ፣ ከነጆግዎ አልኳቸው። ድምፄ እስከ ጋራዡ ተሰምቷል፤ ይሰማ።

ቅዳሜ መጡ። መጽሐፉን በብብታቸው ይዘዋል፣ ምን ሊያደርግላቸው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ማርያማዊት ከራዕይ ጋር ከቤታቸው ማዶ ካለው ሱቅ ጥግ ቆማ ቀረች፣ መቅረብ ፈርታለች። አንኳኳሁ። እትዬ በላይነሽ በሩን ገርበብ አድርገው ጋሽ ዘርዓብሩክን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው፤ ግቡ አላሉንም። ጋሽ ዘርዓብሩክ ጉሮሯቸውን ጠርገው መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው ብለው ማብራራት ሲጀምሩ እትዬ በላይነሽ አቋረጧቸው።

“እናትዎ በሕይወት አሉ?”

“አርፈዋል።”

“ተዝካር አልወጣላቸውም?”

“ወንድሞቼ አውጥተዋል።”

“እርስዎ የት ነበሩ?”

ጋሽ ዘርዓብሩክ ወደ እኔ ዞሩ። የሚረዳቸው ሰው አልነበረም።

“እዚያው ነበርኩ” አሉ ቀስ ብለው። “እጅ ሳስታጥብ።”

“ታዲያ ለልጄ ለምን ይህን አላስተማሯትም?”

በመድረክ ላይ ቃል አጥሯቸው የማያውቁት ሰው ጫማቸውን አዩ። እትዬ በላይነሽ ከዚያ በኋላ አላዩዋቸውም። በትከሻችን አሻግረው ወደ ሱቁ ጥግ ተመለከቱ።

“ማርዬ፣ ነይ ግቢ” አሉ። “የነገ ቀሚስሽን ተኩሼዋለሁ።”

ልጅቷ በእኛ መሀል ሮጣ አለፈች። እናቷ ትከሻዋን ይዘው አስገቧትና በሩን ዘጉት፤ መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ። እኔና ጋሽ ዘርዓብሩክ ውጭ ቀረን።

“ደህና ዋሉ እንኳን አላሉንም” አሉ ጋሽ ዘርዓብሩክ።

ደግ አደረጉ አልኩና ጥያቸው ወደ ታክሲው ሄድኩ።