የናስትሮው ጆሮ

"ልጅቷ" ይሏታል፤ አርባ ዓመት ሊሞላት ግን የቀራት አንድ ዓመት ነው። በአባቷ የመኪና ኤሌክትሪክ ጋራዥ ሽቦ መቀጠል ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጡን እሷ ካወቀች ወዲህ ደግሞ፣ ይኸው አራት ዓመት፣ ሥራውን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት። ደንበኛው ግን ገና ከመኪናው ሳይወርድ በእሷ ላይ አሻግሮ እያየ "ባለሙያው የሉም?" ይላል። አባቷም በሩ አጠገብ ከተቀመጡበት ወንበር ሆነው "አለሁ" ይላሉ። እሷ ትሠራለች፣ እሳቸው ይመሰገናሉ።

ይህ "ባለሙያ" የሚሉት ቃል ያበግናታል። እሷንም ባለሙያ ያሏት ሰዎች አልጠፉም፤ ግን ቤቷ ተጋብዘው፣ ምግቧን ቀምሰው ነው። ምግቧ ደግሞ፣ በእውነት እንነጋገር ከተባለ፣ እንዲህ የሚወራለት አይደለም። አንድ ቀን አባቷ በሰው ፊት፣ በዚሁ ጋራዥ ውስጥ፣ ያንን ቃል ለእሷ ሲሰጡ መስማት ትፈልግ ነበር። ከዚህ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም።

አንድ ረፋድ ላይ ጋሽ ቀስ በል መጡ። መንዳት የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው የማይለየው ቃል ስማቸው ሆኖ ቀርቷል። የመኪናቸው የዳሽቦርድ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ወር ሊሞላው ነው። ሦስት ጋራዥ ዞረዋል። አንዱ ባትሪ ቀየረ፣ አንዱ ዲናሞውን አውርዶ መለሰ፣ ሦስተኛው ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ሰካ። ተማሪዎቻቸው መንገዱን ትተው መብራቱ ላይ ያፈጣሉ፤ ትናንት አንዷ ደንግጣ ፍሬን ስትረግጥ ከኋላ የሚመጣ መኪና ለጥቂት ስቷቸዋል።

"ወንድሜ፣ ይቺን አንተው ራስህ ካልነካሃት አላምንም" አሏቸው ለአባቷ።

አባቷ ቀኝ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። "እሷ ትየው፣ እኔም እዚሁ አለሁ" አሉ። ጋሽ ቀስ በል ቅር እያላቸው ቁልፉን ሰጧት።

ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩን አስነሳች። ባትሪውን በቴስተር ለካችው፤ ደህና ነው። ዲናሞውም በደንብ ይሞላል። ከዚያ ጋሽ ቀስ በልን ፍሬቻ እንዲያበሩላት ጠየቀቻቸው። ፍሬቻው ቂው ቂው ባለ ቁጥር የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ድርግም አለ።

"ማሳው ነው" አለች።

"እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገበሬ የሆንኩት?" አሉ ጋሽ ቀስ በል።

ሳቀችና አስረዳቻቸው። ማሳ ማለት ከዳሽቦርዱ ወጥቶ በመኪናው ብረት ላይ የሚታሰር ሽቦ ነው፤ ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው። እሱ ከላላ መብራቱ መመለሻ አጥቶ ይዋልላል። እንዲያምኗት ብላ ረጅም ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ስባ ከዳሽቦርዱ ማሳ ሽቦ ጋር አገናኘችው። መብራቱ ቀጥ አለ። ስታነሳው እንደገና ድርግም አለ። ጋሽ ቀስ በል ከመኪናው ወርደው ቦታ ለቀቁላት።

እግሮቿን በበሩ አውጥታ ከመሪው ሥር በጀርባዋ ተንጋለለች፤ ምንጣፉን ገለጠች። ሽቦው በሚጣበቅ ጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ከአንድ ብሎን ጋር ታስሯል። የናስትሮው ጫፍ ታጥፎ ትንሽ ጆሮ ወጥቶለታል።

እጇ ባለበት ቀረ። በከተማው ናስትሮ ላይ ጆሮ የሚያወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። "ነገ የሚፈታው ሰው በጥፍሩ እንዳይንገላታ" እያሉ ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ብሎኑን ፈታችው። ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ቀለም አልተነካም፤ ዳር ዳሩ ብቻ ዝጎ ጠቁሯል። ቀለሙ ሳይፋቅ የታሰረ ማሳ ነው፤ ቀለም ኃይል ስለማያሳልፍ፣ እስኪዝግ ድረስ የሠራው በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነው። ገና ሥራ ስትለምድ እንዲህ አድርጋ ብታስር፣ አባቷ ቀኑን ሙሉ አሮጌ ብረት ሲያስፍቋት ውለው ነበር።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀች፣ ሽቦውን አጥብቃ አሰረች፣ አሮጌውን ናስትሮ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ፍሬቻ በራ፣ የፊት መብራት በራ፣ ክላክስ ተነፋ፤ ዳሽቦርዱ ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ቀስ በል ሁለት ጊዜ አጥፍተው አስነሱት። ማሳው ቀለም ላይ ታስሮ እንደነበር ነገረቻቸው። "የትኛው ደነዝ ነው እንዲያ ያሰረው?" አሉ።

"የቆየ ነገር ነው፤ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል" አለች።

"ኪስሽ ውስጥ የከተትሽውን አምጪው" አሉ አባቷ።

ከወንበራቸው ተነስተው ነበር። አቀበለቻቸው። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሳይደብቁት፣ ናስትሮውን ጆሮው እስኪታይ ዘረጉት።

"ደነዙ እኔ ነኝ" አሉ። "የዛሬ አምስት ዓመት የመኪናህን ወለል አስበይደህ ስትመጣ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እጄ ያኔ ጀምሮት ነበር። መፋቂያውን መያዝ አቃተኝ፤ ለማንም ሳልናገር እንዲሁ አሰርኩት።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊታቸው ላይ እፍረት ትፈልግ ነበር፤ ያየችው ግን ኩራት ነው። "ሦስት ጋራዥ ያላየውን፣ እኔም የደበቅኩትን አገኘችው። ከእንግዲህ ባለሙያ ብለህ እኔን አትጥራ። ባለሙያዋ እሷ ናት።"

ጋሽ ቀስ በል አንገታቸውን ነቀነቁ፤ መኪናቸውን ሲያስወጡም እጃቸውን ከፍ ያደረጉት ለእሷ ነበር። እሷ እጇን በጨርቅ ትጠርግ ጀመር፤ ንጹሕ የነበረውንም ጣት ደጋግማ ጠረገችው። ኩራት ኩራት አላት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በእሷ ላይ አሻግሮ ተመለከተ።

"ባለሙያው የሉም?"

አባቷ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። አልመለሱም፤ እሷን አዩዋት።

"አለሁ" አለች።