እጆቿ ላይ የምትቀመጠው ልጅ

ፈይዛ እስክሪብቶውን መልሳ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው።

«አልፈርምም» አለች። «ልጄ እግር አላት፣ እጅ አላት፤ ዓይኗም ጆሮዋም ከእኔ ይበልጣል። ምኗ ነው የተጎዳው?»

የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ሙሉሐረግ እስክሪብቶውን አንስታ ፎርሙ ላይ አኖረችው። ፎርሙ በሁለቱ መካከል ተቀምጧል። ከላይ «የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች መመዝገቢያ» ይላል፤ ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው እያለ ይወርድ ይወርድና መጨረሻ ላይ «ሌላ» የምትል አንዲት ጠባብ መስመር አለችው። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ሁዳን የመሰለች ልጅ አይቶ አያውቅም መሰል፣ እሷን ሊጨምሯት ያሰቡት እዚያች ጠባብ መስመር ውስጥ ነው።

ሁዳ የፈይዛ አንድ ልጅ ናት፤ ዐሥር ዓመቷ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ሁለቴ ወድቃ አሁን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀምጣበታለች፤ መቀመጥ ከተባለ። ደሴ ድረስ ወስደዋት ሐኪሙ ነገሩ ኤዲኤችዲ እንደሚባል፣ ልጅቷ ማሰብ ሳይሆን ሐሳቧን አንድ ቦታ ማዋልና ሰውነቷን ማሳረፍ እንደሚያቅታት ቁጭ ብሎ አስረድቷቸው ነበር። ወደ መካነ ሰላም ሲመለሱ አውቶቡሱ ወረኢሉ ላይ ዐሥር ደቂቃ ቢቆም ሁዳ ጠፋች። ስትፈለግ ስትፈለግ ከብት ገበያው መሀል ከአንድ ሽማግሌ ጋር የበግ ጥርስ ስትቆጥር ተገኘች። ተሳፋሪው ሁሉ ፈይዛን ገላመጣት፤ እሷም ንዴቷን ልጇ ላይ ተወጣች። «አንቺ ቀልበቢስ» ብላ ጭኗን ቆነጠጠቻት። ይህን ስም ያወጣችው ያን ቀን አይደለም። ከዓረብ አገር ሥራዋ፣ ከጂዳ፣ ከተመለሰች ጀምሮ ልጅቷን የምትጠራት በእሱ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ስሟ ከተመዘገበ የዓመቱን ፈተና ብቻዋን፣ በየመሀሉ እየተነሳችና እየተንቀሳቀሰች ትፈተናለች። ካልተመዘገበች እንደ ሌላው ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ትፈተናለች፤ ያ ደግሞ መውደቅ ነው። ከእንግዲህ ከወደቀች ትምህርቱን እንደምትተወው ፈይዛ አሳምራ ታውቃለች። ያስፈራት ግን ሌላ ነገር ነው።

ታላቅ እህቷ ሀዲያ ጠዋት በር ላይ ይዛ አስጠንቅቃታለች። አንዴ አካል ጉዳተኛ ተብላ ከተጻፈች ስሟ በኮምፒውተር ይሄዳል፣ ኋላ ሜዲካል አያሳልፏትም ብላታለች። ሜዲካል ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው የሚያደርገው የጤና ምርመራ ነው፤ እዚህ አካባቢ ሴት ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ይፈራዋል። ፈይዛ ሁለት ጊዜ አልፋዋለች። በሁለተኛው ወገቧ አላጎነብስ ብሏት ሳለ የሚያምሽ አለ ሲሏት «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም» ብላ ነው ያለፈችው። ሕመም ይደበቃል እንጂ በፊርማ አረጋግጠው ለሰው አይሰጡትም። ሴቶቹ ሁሉ የሚያደርጉት እንዲህ ነው፣ እሷም ሌላ አታውቅም።

ሙሉሐረግ ወረቀቱ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንደማያልፍ፣ ከሜዲካል ጋርም እንደማይገናኝ ነገረቻት። ፈይዛ አላመነቻትም። መምህርቷ ጠመኔዋን ይዛ ተነሳች።

«ካልቸኮሉ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለች። «ይህን ክፍለ ጊዜ በኋላው መስኮት ቆመው ልጅዎን ይዩዋት። ከዚያ ወዲያ አልፈርምም ካሉ ወረቀቱን እኔው እቀደዋለሁ።»

ፈይዛ ነጠላዋን ተከናንባ መስኮቱ ጥግ ቆመች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ሰባት ልጅ ተፋፍጎ ተቀምጧል። ሁዳ ከፊት ሦስተኛው ወንበር ላይ ናት። መጀመሪያ ፈይዛ ያየችው እጆቿን ነው። ሁዳ ሁለቱንም እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀምጣባቸዋለች።

ጻፉ ሲባል አንዱን እጇን አወጣች። ከሰሌዳው ሁለት ፊደል ጻፈች። መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ፤ ማንም ልብ አላለውም፣ የሁዳ አንገት ግን ዞረ። ወዲያው አገጯን በገዛ እጇ ያዘችና ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰችው። ቦታው ጠፋባት። ከላይ ጀምራ በጣቷ ፈልጋ አገኘችው፤ ሌላ ሁለት ፊደል ጻፈች። አንዱ ልጅ አሳለ፣ ዞረች፤ አገጯን ይዛ መለሰችው። ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ወፍ አንኳኳ፣ ዞረች፤ መለሰችው። እግሯ መወዛወዝ ሲጀምር በሌላኛው እግሯ ረግጣ ያዘችው። ፈይዛ መቁጠር ጀመረች። አርባ ላይ ስትደርስ ተወችው።

«ያ ረቢ» አለች በሆዷ።

ጂዳ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ብቻዋን ታጸዳ ነበር። በረመዳን ጎሕ ሳይቀድ ከሚበላው ሱሑር እስከ ማግስቱ ሱሑር ቆማ የዋለችበት ቀን አለ። ሠራተኛ ነኝ ብላ የምትኮራ ሴት ናት። እሷ ግን የታገለችው ከዕቃ ጋር ነው፤ ይህች ትንሽ ልጅ ከራሷ ጋር እየታገለች ነው፣ ያውም ማንም አይዞሽ ሳይላት። ፈይዛ የምታየው ነገር ከማስገረም አልፎ አስፈራት። ሆዷ ውስጥ ዘጠኝ ወር የተሸከመቻት ልጅ ይህን ያህል ብርቱ መሆኗን ዛሬ ገና ማወቋ አንገበገባት።

ደወሉ ሲደወል ሌሎቹ ስድስት ስድስት መስመር ጽፈው ነበር። ሁዳ አንድ ተኩል ጽፋለች። በዚያ ብርድ ግንባሯን አልቦታል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለች ፈይዛ፣ መምህርቷ ስትወጣ።

«በየቀኑ። ስድስቱንም ክፍለ ጊዜ።»

«ታዲያ ይህን የመሰለች ብርቱ አካል ጉዳተኛ ትባላለች?»

ሙሉሐረግ ጠመኔውን ከእጇ አራገፈች። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ቃሉ ለእኔም አይጥመኝም። ይህን ሁሉ ልጅ አንድ ክፍል አጉረን፣ አርባ ደቂቃ አትነቃነቁ እያልን፣ ጉዳቱ የእሷ ብቻ ነው ማለት ይከብደኛል። ግን ምንም የለባትም ካልን ያንን ላቧን ማንም አያይላትም። ሰነፍ ተብላ ትቀራለች።»

ፈይዛ ቢሮው ገብታ ሁዳን አስጠራቻት። ውጭ ልጆቹ ሲንጫጩ ይሰማል። ሁዳ ጥፋት የሠራች መስሏት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሁዳዬ» አለች ፈይዛ፣ «ያ ሐኪሙ የነገረን ነገር፣ አርፈሽ መቀመጥ የሚያስቸግርሽ፣ እዚህ ላይ ሊጻፍ ነው። አካል ጉዳት ብለው ነው የሚመዘግቡት።»

ሁዳ ወረቀቱን አየችው፣ መስኮቱን አየችው፣ መልሳ ወረቀቱን አየችው። «ሌላም ልጅ እንደ እኔ ይሆናል?»

«ብዙ ልጅ» አለች መምህርቷ።

«ስሙ ቀልበቢስ አይደለም እንዴ?»

ፈይዛ ዕንባዋ ቀደማት። «አይደለም፣ የእኔ ልጅ። እሱን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

ሁዳ ለዚህ ምን እንደሚባል ስላላወቀች መምህርቷን አየቻት። ፈይዛ ወረቀቱን ሳበችና በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ሐኪሙ ያለውን ስም አስጻፈች፤ ከሥሩ ፈረመች። ቀና ስትል ልጅቷ እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ፣ አንድ እግሯን በሌላው ረግጣ፣ ተፈቅዶልሻል እስክትባል ትጠብቃለች።

«እጅሽን አውጪ» አለቻት። «ዕረፍቱ ሳያልቅ ሂጂና ሩጪ።»

ሁዳ በሩ ጋ ደርሳ ዞረች፤ የምሯን ይሁን አይሁን ለማወቅ የእናቷን ፊት አየች።

«ሩጪ እንጂ» አለቻት ፈይዛ።