የማይሳል ሽቦ

አጄኒም በጋናዋ ኩማሲ ከተማ፣ በሱዋሜ የጋራዥ ሰፈር፣ ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲጠግን ኖሯል። ከሁለት ወር ወዲህ ግን የቀኝ እጁ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ደንዝዘው ብሎን መያዝ አቅቶታል። ሐኪሙ ክርኑ ላይ ነርቭ ተጨምቋል፣ ቦታው ካልተከፈተ እጁ ይሰንፋል ብሎ ባለፈው ሳምንት የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ወረቀት ሰጠው። ሐኪሙ መልሱን ነገ ይጠብቃል። ነርቭ እንደ ሽቦ ነው ያለውም እሱው ሐኪም ነው።

ሽቦ ከሆነማ አጄኒም ያውቀዋል። የመኪና መብራት ሲፈዝ ሽቦ አይቀየርም፤ መጀመሪያ ግራውንዱ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናው ብረት የሚመልሰው መስመር፣ ይታያል፣ ዝገቱ ተፍቆ ከሻሲው ጋር ይታሰራል። ስለዚህ ለራሱም ግራውንድ ሊያበጅ ሦስት ቀን ሙሉ ጫማውን አውልቆ እርጥብ መሬት ላይ ሲሠራ ሰነበተ። ባልደረቦቹ፣ ባትሪህ ላይስ ውሃ ጨመርክበት ወይ እያሉ ሳቁበት። ጣቶቹ እንደደነዘዙ ቀሩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ሲገባ የእህቱ ልጅ ሴርዋ፣ የጤና ኮሌጅ ተማሪዋ፣ ፉፉ ለሚባለው ተወቅጦ ለሚበላው ምግብ ቦዬ ትልጣለች። አጄኒም የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን አውጥቶ አንዱን ጫፍ ክርኑ ላይ፣ ሌላውን ትንሿ ጣቱ ላይ አሳረፈ። የቴስተሩ መርፌ ተነቃነቀ።

“ይኸው፣ አልተቆረጠም። ምኑን ነው የሚከፍቱት?”

ሴርዋ ጫፎቹን ተቀብላ የተላጠው ቦዬ ላይ ሰካቻቸው። መርፌው ይበልጥ ሄደ።

“እንግዲህ አጎቴ፣ ይሄም ነርቭ አለው ማለት ነው?”

ቴስተሩ ያገኘው ጨውና ውሃ ብቻ ነው አለችው። የሽቦ ጉልበት ከአንድ ባትሪ ይመጣል፤ ነርቭ ግን በየቦታው የራሱን ጉልበት ይዟል፤ ጨው በግድግዳው ሲገባ አንዱ ቦታ ቀጣዩን ይቀሰቅሳል፣ እሳት በደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄደው። ከተጨመቀ ባይቆረጥም መቀሰቀሱ ይቆማል።

አጄኒም የፈቃድ ወረቀቱን ገልብጦ ነርቩን ሊስለው ሞከረ። ሦስት ጊዜ ሰረዘው።

“ባትሪው የት ነው?”

“ሁሉም ቦታ።”

“ታዲያ ሽቦው የቱ ነው?”

“እሱው ነው አጎቴ።”

አጄኒም ከተከፈተ በኋላ የተጎዳውን ማን እንደሚቀጥለው ጠየቃት። ማንም አይቀጥለውም፣ ከዳነ ራሱ ያድጋል፣ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አለችው። አጄኒም ሽቦ ሲያድግ አይቶ አያውቅም። በራሱ እጅ የሚያበጀው ነገር ግን አላገኘም፤ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ ከጣለ በኋላ በጡጫው ጨብጦ ፈቃዱን ፈረመ።

“ወዴት እንደሚያድግስ ማን ይነግረዋል?”

ሴርዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

“በትምህርታችን እዚያ ገና አልደረስንም” አለችው።