በሳሎኑ ኮምፒውተር የመጣ ጠብ

ሥራዬ ሰዎች ‹‹አልፈልግም›› እንዲሉ መርዳት ነው። ድረ ገጽ ሲከፈት ከታች ብቅ ብሎ ኩኪ ትቀበላላችሁ ወይ የሚለውን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ነኝ። ኩኪ ድረ ገጹ ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ማስታወሻ ነው፤ ስትመለሱ ምን ስታዩ እንደነበር የሚያውቅበት። አንባቢ ሳይደናገር እንዲከለክል ቃል ስመርጥ እውላለሁ። ቤት ስገባ ግን ሳላነብ ‹‹ሁሉንም ተቀበል›› እጫናለሁ። እምቢ ማለት ይከብደኛል፤ ማሽንንም ጭምር።

የምኖረው ካሳደገችኝ አክስቴና ከባሏ ጋር ነው። ደመወዝ ከያዝኩ ወዲህ ብቻዬን መኖር እፈልጋለሁ፤ ይህን ለአክስቴ መናገር ግን አቃተኝ። ልናገር አፌን ስከፍት የሚወጣው ‹‹ሻይ ላፍላ?›› ነበር። ስለዚህ በሳሎኑ ኮምፒውተር የሚከራዩ ክፍሎችን እያየሁ፣ ስጨርስ የጎበኘኋቸውን ገጾች ዝርዝር አጠፋለሁ። ኩኪዎቹን ረሳኋቸው። በዚሁ ሙያ ደመወዝ ለሚከፈላት ሴት ያሳፍራል።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ የሹራብ ጥለት ስትፈልግ፣ ከጥለቱ ጎን ‹‹ብቻውን ለሚኖር ሰው ምቹ ክፍል›› የሚል ማስታወቂያ መጣባት። ገጽ ስትቀይርም ተከተላት።

‹‹አንተ ሰው፣›› አለች ሳትዞር። ‹‹መቼ ነው የምትወጣው?››

ባሏ ጋሼ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። ‹‹ወዴት?››

‹‹እሱን አንተ ታውቃለህ። ይሄው፣ ብቻውን ለሚኖር ይላል።››

‹‹እኔ እዚህ ላይ ከቼዝ ሌላ ምን አውቃለሁ?››

‹‹ለካ ቼዝ ስትል የከረምከው…››

‹‹ኧረ ተይ። ካልሲዬን እንኳ አንቺ ካልነገርሽኝ አላገኘውም።››

‹‹የምትፈልግልህ አግኝተህ ይሆናላ።››

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጥለቱን ትታ፣ መነጽሯን አውልቃ ከወንበሯ ተነሣች።

ደፋር ሰው ቢሆን እዚያው ይናገር ነበር። እኔ አክስቴ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠበቅኩና በብሮውዘሩ ቅንብር ገብቼ ኩኪዎቹን በሙሉ ጠረግኋቸው። ለሰው ሳስረዳ ‹‹ቀላል ነው›› የምለው ሥራ በእርግጥም ቀላል ነው።

ከምሳ በኋላ ጋሼ ቼዛቸውን ሲከፍቱ የይለፍ ቃል ጠየቃቸው፤ አያስታውሱትም። አክስቴ ከትከሻቸው በላይ አጮልቃ አየች። ማስታወቂያው የለም።

‹‹አጠፋኸው፣›› አለች። ‹‹ንጹሕ ብትሆን ምን ያስጠፋሃል?››

‹‹ማጥፋት የት አውቄ? ይኸው የራሴ ቼዝ አላስገባ ብሎኛል።››

‹‹ማታ እዚሁ ሳሎን ትተኛለህ።››

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ንገሪልኝ።››

ነገርኳት። ኩኪ ምን እንደሆነ፣ ማስታወቂያ አቅራቢዎች ከገጽ ገጽ እንዴት እንደሚከታተሉ፣ ተጠቃሚው መከልከልም ማጥፋትም እንደሚችል፣ ሲያጠፋ የቼዙ መግቢያም አብሮ እንደሚሄድ፤ ሁሉንም፣ አንድ ነገር ሲቀር። አክስቴ የሐኪም ቃል እንደሚሰማ በሽተኛ በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

‹‹ገባኝ፣›› አለች። ‹‹ታዲያ ክፍሉን ሲፈልግ የነበረው ማነው?››

‹‹እኔ ነኝ።››

እስከ ዛሬ ካዘጋጀኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ አጭሩና ግልጹ ይህ ነው።

ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ወዲያው መተንፈሳቸው አሳፈራቸው መሰለኝ ከኮምፒውተሩ ተነሥተው ጋዜጣቸውን አነሱ። አክስቴ በለቀቁት ወንበር ተቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

‹‹ምን አጎደልንብሽ?››

‹‹ምንም፣ እትዬ። የራሴን በር ከፍቼ መግባት አማረኝ እንጂ።››

‹‹ይህን ለመናገር ፈርተሽ ነው ከሰውዬው ጋር ያጣላሽኝ?››

‹‹አዎ።››

‹‹እኔማ ሳሎን ልተኛ ነበር፣›› አሉ ጋሼ ከጋዜጣው ጀርባ።

‹‹አንተ ዝም በል፤ ገና አልተፈረደልህም።›› ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ‹‹ባለ በረንዳዋ የታለች?››

‹‹የቷ?››

‹‹ጠዋት ተጭኜ ያየኋት። ይሄ ሰውዬ የት ሊገባ ነው ብዬ።››

‹‹ከኩኪው ጋር ጠፋች።››

‹‹እንግዲያው ፈልጊያት።›› ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ገጹ ስለ ኩኪ ሲጠይቀኝ ‹‹አስፈላጊዎቹን ብቻ›› የሚለውን ጫንኩ፤ እጄን እያየች ስለነበር። ክፍሏ ተገኘች። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ አሳለፈቻቸው።

‹‹ወጥ ቤቷ ጠባብ ናት፣›› አለች በመጨረሻ። ‹‹እኔ ስመጣ የት ልቆም ነው?››