የሙከራ ማሰሪያ

ባሌ ጸጉር አስተካካይ ነው። ከዓመታት በፊት ደረጃ ላይ አዳልጦት በቀኝ እጁ ተደግፎ ወደቀና አንጓው አበጠ። «ወለምታ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ አሳሽቶት ወደ መቀሱ ተመለሰ። ግትር እኮ ነው! ለካስ አጥንቶቹን አያይዞ የሚይዘው ጅማት ተበጥሶ ኖሯል። አጥንቶቹ ቦታቸውን ለቀው እርስ በርስ ሲፋጩ ኖሩ። አሁን ምላጭ ሲይዝ ላብ ያጠምቀዋል፤ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለትም እኔ ነኝ።

ሐኪሟ ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አስረዳችን። ቀደም ብለን መጥተን ቢሆን ከአንጓው ትናንሽ አጥንቶች ጥቂቱን አውጥታ፣ ወይም አራቱን ብቻ አጣብቃ፣ መታጠፉን በከፊል ታተርፍለት ነበር። አሁን ግን ሁሉም ተበልቷል። ሕመሙን የሚያደርሱትን ነርቮች መቁረጥ ይቻላል፤ ያ ግን ብዙ እንደማያቆየው ነገረችን።

«ያለበለዚያ ማድረቅ ነው» አለች። «በብረት አስረን አንድ አጥንት እናደርገዋለን። ሕመሙ ይተውሃል፤ አንጓህ ግን ዳግመኛ አይታጠፍም።»

«እጅህ ይድረቅ ማለት እርግማን አይደለም እንዴ ዶክተር?» አለ ባሌ እየሳቀ።

ከመወሰኑ በፊት እንዲሞክረው አንጓውን ገትሮ የሚይዝ ማሰሪያ ሰጠችው። በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድን። በሩን ዘጋና «ነይ ቁጭ በይ» አለኝ። ደንበኛ ላይ አይሞክርማ!

ከፊት ያለውን እንደምንም አስተካከለ። ከጆሮዬ ጀርባ ሲደርስ ክርኑን ሰቀለ፣ ጎንበስ አለ፣ በሌላ በኩል ዞሮ መጣ፤ መቀሱ አልታዘዝ አለው።

«በሞቴ አትንቀሳቀሺ!»

«ኧረ መች ተንቀሳቀስኩ አንተ ሰውዬ?»

አንድ ጭብጥ ጸጉር ጭኔ ላይ ወደቀ። መስታወቱን አየሁ፤ አንዱን ጎን አይጥ የበላው መስሏል። «አምሮብኛል» አልኩት።

«ዝም በይ!» አለኝ። ቤታችን ውስጥ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ እሱ ጮሆብኝ አያውቅም። ማሰሪያውን ፈቶ በባዶ እጁ ቀጠለ። ሁለቴ እንደቆረጠ ፊቱ ዐመድ መስሎ መቀሱ ከእጁ ወደቀ።

አነሳሁለት። አልተቀበለኝም። በግራ እጁ ጨርቁን ከአንገቴ ፈትቶ ጸጉሩን ቀስ አድርጎ አራገፈልኝ። አለቅስ ነበር፣ ምን ልደብቅ።

«ለዶክተሯ ደውዪላት፤ ታድርቀው» አለኝ። ከዚያ ራሴን በመዳፉ ዳበሰና «ይሄን ደግሞ ነገ ሌላ ጋ ሄደሽ አስተካክዪው» አለኝ።

ከተጋባን ጀምሮ ጸጉሬን ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። «እሺ» አልኩት።