የሚስቴን ፀጉር ያተረፍኩበት ዘይት

የምጽፍላችሁ ነገር ጥርት ያለ እውነት ነው። ቅንጣት ብጨምርበት በእጄ የነካሁት ሞተር ሁሉ አልነሳም ይበለኝ። በዚህ ከተማ ደግሞ እኔ ያልነካሁት ሞተር የለም።

ነገሩ የጀመረው የልጃችን ሠርግ ሲቃረብ ነው። የሚስቴ ፀጉር ይረግፍ ጀመር። ሲረግፍ ደግሞ እንደ ሰው ፀጉር አይደለም፤ ትራስ ላይ የቀረው ብቻ ሌላ ትራስ ይሞላል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ተደፍኖ ፈትቼ ያወጣሁትን ጎረቤት አይቶ፣ «በግ ሸለታችሁ እንዴ?» ብሎናል።

አንድ ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ቆማ ማበጠሪያውን አስቀመጠችና፣

«በዚህ አናት አዲሶቹ አማቾቻችን ፊት አልቆምም። ሠርጉ ላይ አልሄድም» አለች።

ልጅቷ ሰምታ አለቀሰች። ወላጅ ስለ ፀጉር ብሎ ከልጁ ሠርግ ቀረ ሊባል ነው። የልጄ እንባ እንኳን የእኔን አንጀት ብረት ይቆርጣል።

እጄን ታጥቤ ምርምር ገባሁ። በዘይት ነገር እኔን የሚያህል የለም፤ የማርሽ ሳጥን ያወቀ የራስ ቅል አያቅተውም። መጀመሪያ የሽንኩርት ጭማቂ ሞከርኩ። ሽታው የጎረቤትን ድመት አሰደደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ቀጥሎ እሬት ልጬ ዝልግልጉን ቀባሁ። ደህና ነበር፣ ሲደርቅ ግን እንደ ማስቲሽ ያዘና ጠዋት ትራሱ ከጭንቅላት ጋር አብሮ ተነሣ። በመጨረሻ የሮዝመሪ ቅጠል በጉሎ ዘይት ዘፈዘፍኩ። ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ ቅጠሉ ቀለሙን እስኪለቅ ጠበቅሁ፣ በስስ ጨርቅ አጠለልኩና አፈ ቀጭን የዘይት ማጠጫ ውስጥ ገለበጥኩት። አዲሱን ማጠጫ ነው፣ አትሳቀቁ።

ምላጭ የምንለው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ጋራዥ ድረስ መጥቶ ጣሳዬን አሸተተ።

«አንተ ሰውዬ፣ የወለቀ ጥርስ በማሸት ይበቅላል?» አለኝ።

«ዝም በል፤ ገና የሚቆረጠው ፀጉር በዝቶብህ እርዱኝ ትላለህ» አልኩት።

ከእራት በኋላ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ ይባላል፣ ጭንቅላት ወደ ኋላ ጉልበት ላይ ይደገፋል። ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል። ለብ እንዳለ ከጆሮ ጀርባ ይወርዳል፤ ጣት ዙሪያውን ቀስ እያለ ያሻል፣ ያሻል። በዚያ መሀል ስምህ ማነው ቢባል የሚያስታውስ ሰው የለም።

ውጤቱን ስነግራችሁ ትጠራጠሩ ይሆናል፣ ግን ምያለሁ። መጀመሪያ እንደ ጥላ ጠቆረ፣ ከዚያ እንደ ጫካ ተነሣ። በሠርጉ ዋዜማ ማበጠሪያ ሰበረ፤ የተገዛውን አዲሱንም ደገመው። ምላጭ መቀሱን ይዞ መጣና «ጌታዬ፣ ይቅር በለኝ» ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። አዳራሹ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ሙሽራዋን ትቶ የእናቷን ፀጉር ሲያይ ዋለ።

ይህን ሁሉ ጽፌ እንደ ጨረስኩ፣ ምስክር አይጉደልበት ብዬ ለሚስቴ አነበብኩላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ታጣጥፋለች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ቀና እንኳ ሳትል፣

«ጭንቅላቱ ያንተ ነበር» አለች በቀስታ።

«እንዴት?»

«የእኔ ፀጉር መች ረግፎ ያውቃል? አልሄድም ብለህ ልጅቷን ያስለቀስካት አንተ ነህ። ዘይቱንም ያሞቅሁት እኔ ነኝ፣ ያሸሁትም እኔ ነኝ። አንተማ ጉልበቴ ላይ ታንኮራፋ ነበር።»

«በቅሎ ነበር ግን።»

«አልበቀለም፣ የኔ ጌታ። የነበረችው እንዳትረግፍ ያዝናት፣ እሱም አይናቅም። ሠርጉ ላይ የሄድከውም ፀጉር አብቅለህ አይደለም። ልጅቷ መላጣህን ስማ፣ 'አባዬ፣ ካንተ ክንድ ሌላ ይዤ አልገባም' ስላለችህ ነው።»