የሁዳዴ ወተት

ከቁስቋም ወደ ጉለሌ በሚወርደው መንገድ ዳር አንድ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነበር። ሃያ ሁለት ልጆች ይኖሩበታል። ሁሉም ወላጅ አላቸው፤ ግን ከእንጦጦ ማዶ፣ ከሱሉልታና ከዚያም ወዲያ ካለው ገጠር የመጡ የድሃ ገበሬ ልጆች ናቸው። የልጆቹ እናት፣ አስተዳዳሪም፣ ሐኪምም፣ ሲጣሉ ዳኛም ደሳለች ነበረች። ወለጋ ተወልዳ በሚሲዮን ያደገች፣ ጎረቤት በሹክሹክታ “ጴንጤዋ” የሚላት ሴት ነች። ጊዜው ደርግ ነውና፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ከተዘጋ ወዲህ መዝሙሯን እንኳ በለሆሳስ ነበር የምታንጎራጉረው።

ቤቱን ሲረዳ የኖረው የውጭ ማኅበር አገር ሊለቅ ሆነ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ በዚያ ዘመን ለምን ማለት አያዋጣም። ሲሰናበት አራት የወተት ላሞች ገዝቶ ሰጠና፣ ከእንግዲህ ራሳችሁን ቻሉ አለ። እርዳታው የሚቆመው በፋሲካ ነው። እስከዚያ የክረምቱን እህል ገዝተው ጎተራ ካላስገቡ ልጆቹ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ወላጆችም በፋሲካ ማግስት መጥተው እንዲወስዷቸው መልእክት ተላከ። ከልጆቹ የአንዷ፣ የዓለምነሽ አባት አቶ ዳኜ መልእክቱ ሲደርሰው ተራራውን አቋርጦ መጣና፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ “እትዬ፣ ብትመለስ የማበላት የለኝም” አለ። በመጣበት ተመለሰ።

ደሳለች ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥ አላት። ላሞቹን የሚያልበው ቶሎሳ ምሳ ሲያቀርብላት፣ “ለልጆቹ ስጣቸው” ትላለች።

ወተቱ ግን ጥር ላይ ጉድ አሰኘ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጣሳውን ይዞ በር ላይ ይሰለፋል። ረቡዕና ዓርብ ገዢ ይጠፋል፤ የተረፈውን ልጆቹ እየጠጡ ደስ ይላቸው ነበርና፣ ማንም ምክንያቱን ለማወቅ አልተጨነቀም። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቻልን” አለች ደሳለች። እሷ ይህን ባለች በሳምንቱ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ በሩ ጭር አለ። ማክሰኞም እንደዚያው። ጨቅላ ካላት አንዲት እናትና ከጎረቤታቸው ከጀዊሪያ በቀር የመጣ የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የእነሱ ላሞች እዚሁ ምድር ላይ ናቸው፣ ወተቱም በባልዲ ሞልቶ ይታያል፣ የሚገዛው ጠፋ እንጂ።

“ቀበሌ ነው” አለ ቶሎሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ከጴንጤ እንዳትገዙ ብለዋቸዋል።”

ደሳለችም አመነች። ከዚያ በፊት ብዙ ነገር ቀምሳለችና ለማመን አልዘገየችም። ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ አጥር ወደምትጋራቸው፣ በጥር የመጀመሪያ ደንበኛ ወደነበሩት ወደ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቤት ሄደች። አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ሽሮ እያሰጡ ነበር።

“እማማ፣ ምን አጠፋን? በእምነታችን ከሆነ እርስዎ እንኳ ፊት ለፊት ይንገሩኝ። ልጆቹ ምን አደረጉ?”

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቀና ብለው ትክ ብለው አዩዋት።

“ዛሬ ምን ቀን ነው?”

“ማክሰኞ።”

“የት ነው የኖርሽው አንቺ? ሁዳዴ ገብቷል እኮ።”

ደሳለች ጾም መኖሩን አጥታው አይደለም። ግን እሷም ቶሎሳም፣ ላሞቹን የሰጡት ፈረንጆችም፣ ሂሳቡን የሠሩት ሁሉ የማይጾሙ ነበሩና፣ ጉለሌ ውስጥ ወተት ሊሸጡ ተነስተው ሁዳዴን ረሱት። በጎረቤቶቿ ላይ ያሰበችው ክፉ ነገር ሁሉ ፊቷን አቃጠላት። ከሽሮው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያም ያልተጠየቀችውን ሁሉ ተናገረች፤ ፋሲካን፣ እህሉን፣ አቶ ዳኜን።

አሮጊቷ ሰምተው ሲያበቁ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ አንድ ጥላሸት የጠጣ ትልቅ መናጫ ቅል ታቅፈዋል።

“ወተት በሁዳዴ ማን ይጠጣልሻል? ቅቤ ግን ለፋሲካ ማን ይቀርበታል? በይ ተነሽ፤ አልቅሶ የናጠ የለም።”

ከዚያ ወዲያ ግቢው ሌላ ግቢ ሆነ። ወተቱ ይረጋል፣ እርጎው ይናጣል። ገጠር ያደጉ ልጆች ናቸውና መናጥ የሚያስተምራቸው አላስፈለገም፤ ቅሉን እየተሻሙ፣ በየአገራቸው ዜማ እያዜሙ ይንጡታል። አሬራው ለእነሱ ነው፤ ጉንጫቸው ሲሞላ በዓይን ይታይ ነበር። ወይዘሮ የዓለምወርቅ በየቀኑ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ። ቅቤውን በቀዝቃዛ ውኃ ያጥባሉ፣ በኮባ ይጠቀልላሉ፣ የሚነጠረውን በኮረሪማና በአብሽ ያነጥራሉ። ጣታቸውን አንድ ቀን አልላሱም። ቅቤው እሳት ላይ ሲሆንማ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ “ምነው ልጄ፣ በአፍንጫዬ አስገደፍሽኝ” ይላሉ፤ ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ።

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቅቤውን እንዲገዙ የማኅበር ሴቶቻቸውን ሰበሰቡ። አንዷ ከንፈሯን ጣል አድርጋ፣ “የጴንጤ ቅቤ ነው?” አለች።

“ላሞቹ ጴንጤ አይደሉም” አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ። “ያጠብኩት ያነጠርኩትም እኔ ነኝ። ካልፈለግሽ ዶሮሽን በዘይት ሥሪው።”

ቅቤው በተሸጠ ቁጥር ቶሎሳ በገንዘቡ እህል እየገዛ ጎተራ ያስገባ ነበር፤ ቅዳሜ ሳይመሽ አንድ ጥቅል ብቻ ቀረ። እሱንም ደሳለች ሆን ብላ የደበቀችው ነው።

በፋሲካ ማግስት ወላጆች ከየገጠሩ መጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ለጓዝ የሚሆን ገመድ ይዘው። ደሳለች ጎተራውን ከፈተችው። ጤፉና ስንዴው እስከ ጣራ ተደርድሯል። አቶ ዳኜ ጆንያውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ወደ ልጁ ዞረ። ከዚያ ያመጣውን ገመድ ለቶሎሳ ሰጠው፤ “ለላሞቹ ይሁን” አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ።

ያኔ ነው ወይዘሮ የዓለምወርቅ በበዓል ቀሚሳቸው የገቡት። ደሳለች ሮጣ በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

“ይህ የእርስዎ ነው እማማ። ሌላ የምሰጥዎ የለኝም። የልጆቼን ቤት አቆሙልኝ።”

አሮጊቷ ተቀበሉና ለምለሙን ቅቤ አሸተቱ፤ አሁን አፍንጫቸውን አልሸፈኑም።

“ቁጭ በይ” አሉ።

ደሳለች ግራ ገብቷት በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ፈቱላት። ከቅቤው ቆንጥረው በመዳፋቸው አሟሹና መሐል አናቷ ላይ አኖሩላት።

“እኔ ሁዳዴን የጾምኩት ከልጅነቴ ስለለመድኩት ነው። አንቺ ግን ለነዚህ ልጆች ብለሽ እህል ሳይገባልሽ ከረምሽ፤ በአጥሩ አይሽ ነበር። በይ ልጄ፣ አሁን ግደፊ።”

ቅቤው በግንባሯ እየወረደ ከእንባዋ ጋር ተቀላቀለ። ዓለምነሽ ከማዕድ ቤት የሞላ ሳህን ይዛ መጣች፤ ደሳለችም ለልጆቹ ስጡት ሳትል በላች።